የጀማ ባሕር

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አባቴ በንፋስ የተሞላ ትልቅ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በትከሻው አንግቶ መጣና በግቢያችን በር ሊገባ ሲል ከመነዳሪው አልገባም ብሎ ታገለው። በጎን ቢያዞረው እምቢ፣ ከፍ ቢያደርገው እምቢ። በመጨረሻ በአጥሩ ላይ ወደ ውስጥ ወረወረውና እሱ በበሩ ገባ። ከመነዳሪው ነጥሮ ነጥሮ እናቴ እግር ሥር ሲደርስ ወደቀ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የበግ ፀጉር ባናዋን እስከ አገጯ ድረስ ተከናንባለች። የጥር ፀሐይ ሞላሌ ላይ ያበራል እንጂ አያሞቅም፤ እሷ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ብርድ ትፈራለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ለባሕር ነው» አለ አባቴ።

ከመነዳሪው ብዙ ቦታ ተለጥፎ ስለነበር የማስቲሹ ሽታ ግቢውን ሞላው። ባለፈው ዓመት ሞላሌ ደርሼ ስመለስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ቤት ይኸው ሽታ መጣብኝና ቆም አልኩ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ «እህት፣ ምን ልርዳሽ?» ሲለኝ የምመልሰው አጥቼ «ምንም» ብዬ አለፍኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ቅዳሜ እንዳለ መጣ፤ የምስሩ ሰፌድ፣ የእናቴ ባና፣ ከመነዳሪውን በጣቱ እየነካካ «ይነክሳል?» የሚለው ታናሽ ወንድሜ ደጀኔ።

«አበራ፣ ልጆቹ ፊት ባሕር ባሕር የምትለውን ነገር ተው» አለች እናቴ። «አምናም ብለህ ነበር።»

«ዘንድሮ እውነቴን ነው።»

«አምናም እውነትህን ነበር።»

አባቴ ከመነዳሪው ላይ ተቀመጠ። «አክስትሽ ጋ እንወርዳለን፤ ጀማ ወንዝ ዳር። ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቷል። ጓደኛዬ ደግሞ ማክሰኞ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ዓለም ከተማ ይሄዳል፤ እግረ መንገዱን ያደርሰናል። አሸዋ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሙቀት አለ። ምን ይጎድለዋል?»

«ባሕር» አለች እናቴ።

እሱ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስካለ፣ ይህቺን አንዲት ነገር ልፈጽምላቸው። አባታችን የተናገረውን አያደርግም እያሉ እንዲያድጉ አልፈልግም» አላት። እናቴ ምስሩን ገለል አድርጋ ተነሳችና ገመድ ላይ የተሰጡትን ልብሶቻችንን ማጠፍ ጀመረች። እሺ ማለቷ መሆኑን ደጀኔ እንኳ አወቀ።

አባቴ ሾፌር ነበር። ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና ይዞ አሰብ ይመላለስ ነበር። ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ሲሆን በመጣ ቁጥር ቆዳው ጠቁሮ፣ ልብሱ የማላውቀው ሽታ ሸትቶ ይመጣል። ተምር ያመጣልናል፤ ዛጎል ያመጣልናል፤ አንድ ጊዜ በጠርሙስ የባሕር ውሃ አመጣልኝ። ቀምሼ ተፋሁት። «ማን ነው ጨው የጨመረበት?» ስለው ሳቀና ራሴን አሻሸኝ። አባቴ ስሙን ሊነግረኝ ያልፈለገው አንድ ሰው መኖሩን አመንኩ። ለብዙ ጊዜ በየማለዳው የጨው ጆንያ ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው በሐሳቤ ይመጣብኝ ነበር።

«ትልቅ ስትሆኑ ወስጄ አሳያችኋለሁ» ይለን ነበር። እያንዳንዱ ጉዞ ሲያልቅ «የሚቀጥለው» ይላል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንድ ቀን አባቴ ያለ መኪናው በአውቶቡስ መጣና ከዚያ በኋላ ወደ አሰብ አልተመለሰም። ባለንብረቱ መኪናውን ሸጠው፤ አባቴም ሞላሌ ላይ የተበላሸ መኪና ሲመጣ የሚጠራ፣ ሳይጠራ ሲቀር ጎሚስታው ቤት ደጃፍ የሚቀመጥ ሰው ሆነ።

ያን ጊዜ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ባሕር በር ያወራል። ሬድዮውም የባሕር በር ይላል። እኔ በሩን አውቀው ነበር። እንደ ትምህርት ቤታችን በር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ግን በጣም ትልቅ፤ ወፍራም ሰንሰለትና ቁልፍ አለበት። ከበስተኋላው ውሃው ይገፋዋል፤ በሥሩ ባለው ክፍተት ትንሽ ትንሽ ያፈስሳል። አባቴ በስተዚህኛው በኩል ቆሞ ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት የለም። የቁልፍ መያዣው ላይ መኪናውን ከመለሰ በኋላ እንኳ ያልጣላቸው ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንደኛው የባሕሩ እንደሆነ ልጠይቀው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ አፍሬ መልሼ ዘጋሁት። በዚያን ዕድሜዬ አፍሬ ሳልጠይቅ የቀረሁት ነገር ይበዛል።

ማክሰኞ ተነሳን። እናቴና ደጀኔ ጋቢና ገቡ፤ እኔና አባቴ ከኋላ ካሶኒው ላይ ሸራ ለብሰን፣ ከመነዳሪው መካከል ተቀመጥን። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አደርን። በማግሥቱ ከለሚ ትንሽ እልፍ እንዳልን መሬቱ አለቀ። ሌላ አነጋገር የለኝም፤ ሜዳው እዚያ ጋ ተቆርጧል፤ መንገዱም ወደ ገደሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የፍሬኑ ሽታ መጣ። ጆሮዬ ተደፈነ። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል፤ እኛም በየመታጠፊያው አንዳንድ ነገር እናወልቃለን፤ መጀመሪያ ሸራውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ካልሲውን። ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብዬ ሳይ የእናቴ ክንድ በመስኮቱ ወጥቷል። ያለ ባና፣ ያለ ሹራብ፣ ክንዷ ብቻ። እጇን ከፍታ ነፋሱን ትይዘዋለች፣ ትለቀዋለች።

ታች ስንደርስ ድልድዩ አጠገብ አወረዱን። የእናቴ አክስት እማማ ዘነቡ እዚያው መንገድ ዳር፣ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ለመንገደኛ ጠላና ሻይ የሚሸጡበት ቤት ነበራቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ነበሩ። እናቴን ሲያዩ ጣሳውን አስቀመጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እንቁራሪቷ መጣች» አሉ።

ደነገጥኩ። እናቴ ሞላሌ ላይ ወይዘሮ አስካለ ናት፤ የሰንበቴው ማኅበር እንኳ እሷ ሳትናገር አይበተንም። ትቆጣለች ብዬ ፊቷን አየሁ። እሷ እየሳቀች አክስቷ ትከሻ ላይ ተጠመጠመች።

እማማ ዘነቡ ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተስ ባሕረኛው፤ አሰብን ዘግተህ መጣህ አሉ።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ እማማ፤ ዘጉብን እንጂ።»

«እንግዲያ ጀማን እንዳትዘጋብኝ። የምኖረው በእሱ ነው።»

ከዚያ ወደ ወንዙ ወስደው ቦታውን አሳዩን። ውሃው በበጋ ስለሚቀንስ ዳርና ዳሩ ሰፊ ነጭ አሸዋ ሆኗል። በታች በኩል ወንዙ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው በኋላ ያለው አይታይም። እማማ ዘነቡ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ልጆቹ እዚህ ይጫወቱ። ከዚያ ድንጋይ ወዲያ ግን ባሕር ነው። ባሕሩ ጋ እንዳይደርሱ» አሉ።

ጀማ ዳር የሚኖር ሰው ወንዙ ጠልቆ ሳይንቀሳቀስ የሚተኛበትን ቦታ ባሕር እንደሚለው አላውቅም ነበር። ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አስተማሪያችን የነገረችንን ነው፤ ወንዝ እየፈሰሰ ይሄድና ባሕር ይገባል። ስለዚህ ከድንጋዩ ኋላ ባሕር መኖሩ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ አባቴ ነው። ባሕሩ እዚህ ድረስ ቀርቦ እሱ ጆሮው የሰማ አይመስልም፤ ሸራ የሚተክልበት ቦታ ይመርጣል።

አባቴ አሰብ እያለ ዓርብ ዓርብ የወደቡ ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር ዳር ሲዝናኑ ያይ ነበር። ያየውን ሁሉ በልቡ ይዞ ስለነበር በዚያ ሰሞን በተራ በተራ አወጣው።

«ባሕር ዳር መጀመሪያ ሸራ ይተከላል» ይላል። ሸራውን በአራት እንጨት ይተክላል።

«ባሕር ዳር እግር ይቀበራል» ይላል። እግራችንን በእርጥብ አሸዋ ቀብሮ ይጠቀጥቀዋል፤ ከዚያ ቀስ ብለን ስናወጣው ዋሻ ይሆናል። ደጀኔ ከዋሻዎቹ አንዱን ለአዞ ሰጠው። እማማ ዘነቡ አዞው ኪራይ ይከፍል እንደሆነ ጠየቁት። «አባቱ ይከፍላል» አለ።

«ባሕር ዳር ሐብሐብ ይበላል።»

«ሐብሐብ ከየት ላምጣልህ?» አሉ እማማ ዘነቡ፣ ፓፓያ በቢላዋ ለሁለት እየሰነጠቁ። «ይኼን ብላና ሐብሐብ ነው በለው።»

ፓፓያውን እስከ ክርናችን እየፈሰሰብን በላን። ጥቁሩን ፍሬ አሸዋ ቤታችን ላይ መስኮት አደረግንበት። ወንዙ ዳር ስንቆም ትንንሽ ዓሦች እየመጡ ተረከዛችንን ይቆነጥራሉ፤ ደጀኔ መጀመሪያ ቀን አለቀሰ፣ በሁለተኛው ቀን እየጠራቸው ነበር። አሸዋው ከቀትር በፊት ይሞቃል፤ ከቀትር በኋላ አይረገጥም። ሆዴን ሙቁ አሸዋ ላይ አድርጌ ስተኛ የሞላሌ ብርድ ከአጥንቴ እየወጣ መሬት ውስጥ ሲገባ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ሱሪውን ይጠቀልልና ውሃው ውስጥ ቆሞ ይረጨናል። ከጉልበቱ በላይ ግን አይገባም።

«አባዬ፣ ለምን ወደዚያ አትሄድም?» አለው ደጀኔ አንድ ቀን፣ ወደ መሐል እያመለከተ።

«ይኼ ውሃ ትንሽ ነው። እኔ የለመድኩት ትልቁን ነው።»

አመንኩት። ባሕርን ያየ ሰው በወንዝ ውስጥ ቢቀብጥ ነውር ይመስለኝ ነበር። እናቴም አትገባም ነበር። ሸራው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ውሃውን ታያለች። እማማ ዘነቡ «ምነው?» ሲሏት «የምቀይረው ልብስ አልያዝኩም» ትላለች። እጇ ግን አሸዋው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር።

ባሕሩን በራሴ አፍ ለመጠየቅ ስላፈርኩ ደጀኔን ላክሁት። አንድ ቁራጭ ሸንኮራ ከፍዬዋለሁ።

«አባዬ፣ ባሕሩ የት ነው?»

«ሩቅ ነው ልጄ» አለው። «አሁን ደግሞ ተዘግቷል።»

ደጀኔ ተመልሶ የነገረኝን ሰምቼ ፈገግ አልኩ። ከድንጋዩ ኋላ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እማማ ዘነቡም ያውቃሉ። አባቴ በድንገት ሊያሳየን ደብቆን ነው አልኩ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ ለራሴ፤ አባትሽ የተናገረውን ሊፈጽም ነው።

ያ ቀን የመጣ ጊዜ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አባቴ ደጀኔን ከመነዳሪው ላይ አስቀምጦ በገመድ እየጎተተ ዳር ዳሩን ሲያመላልሰው ቆይቷል። ደጀኔ ጠገበና ወረደ።

«አሁን አንተ ተቀመጥ፣ አባዬ።»

«እኔ እከብዳለሁ።»

እማማ ዘነቡ ለእናቴ ምሳ ይዘው መጥተው ነበር። «ይቀመጥ እንጂ» አሉ። «ባሕረኛ ሲባል እሰማለሁ እንጂ ባሕረኛ ውሃ ላይ አይቼ አላውቅም።»

አባቴ ሳቀና ከመነዳሪው ቀዳዳ ውስጥ ቂጡን አስገብቶ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፋ። ገመዱን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አኖረና በእግሩ አሸዋውን ገፋው። «ባሕር ላይ እንዲህ ነው የሚተኛው» አለን፣ ክንዶቹን ዘርግቶ። እኛም ስቀን እጃችንን አውለበለብንለት። እሱም አውለበለበልን።

ውሃው የማይሄድ መስሎ ይሄዳል። አባቴ እኛን እያየ፣ እየሳቀ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እግሩን ለመሬት ሲሰድ መሬት አላገኘም መሰለኝ፤ ሳቁ ቆመ። በእጆቹ ውሃውን መግፋት ጀመረ። ከመነዳሪው ባለበት ይሽከረከራል፤ አንዴ ፊቱን እናያለን፣ አንዴ ጀርባውን።

«አስካለ» አለ፣ በደህና ድምፅ። አንድ ዙር ተሽከርክሮ ፊቱ ተመለሰ። «አስካለ።»

እማማ ዘነቡ ሳህኑን ጣሉት። «ኧረ ወደ ባሕሩ ሄደ» አሉ። «ወደ ባሕሩ ሄደ እኮ።»

እኔ አጨበጨብኩ።

ጊዜው ደርሷል፤ በሩ ተከፍቷል፤ አባቴ ወደ ባሕሩ እየገባ ነው። ከመደሰቴ የተነሳ ማፈሬ ጠፋ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው። «አባዬ፣ እኛንም ይዘኸን ሂድ» እያልኩ በአሸዋው ላይ ተከትዬው ሮጥኩ፤ ደጀኔም እያጨበጨበ ከኋላዬ።

ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሌላኛው ጎን ታየኝ። በር የለም። መርከብ የለም። ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ የተኛ። ከመነዳሪው ተገልብጧል። አባቴ በአንድ እጁ ይዞት በሌላው ውሃውን ይመታል፤ አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም። ማጨብጨቤን አቆምኩ።

በአጠገቤ አንድ ነገር አለፈ። እናቴ ነበረች። ነጠላዋን ድንጋዩ ላይ ጥላ ከነቀሚሷ፣ በጭንቅላቷ፣ ወደ ውሃው ገባች። ውሃው ተዘጋባት። እኔም እናቴና አባቴ በአንድ ቀን አለቁ አልኩ። ከዚያ በጣም ሩቅ ቦታ ላይ ራሷ ብቅ አለ። እግሮቿን ሰብስባ ስትዘረጋ፣ ሰብስባ ስትዘረጋ፣ ቀሚሷ ከኋላዋ እንደ ጭራ ሲከተላት አየሁ፤ እንቁራሪት ለምን እንዳሏትም ገባኝ።

ከመነዳሪውን በአንድ እጇ ያዘች። «እግርህን አታንፈራግጥ» ስትለው ሰማሁ፤ ድምፅዋ ምስር ስትለቅም የነበረው ድምፅ ነው። «ዝም ብለህ ያዝ። አትናገር። እኔ አለሁ።» እየጎተተች ወደ አሸዋው አመጣችው። አባቴ በአራት እግሩ ወጥቶ ብዙ ሳለ። ባርኔጣው ባሕሩ መሐል ብቻውን ቀረ።

ደጀኔ እናታችን ፊት ሄዶ ቆመ።

«እማዬ፣ ድገሚው» አለ።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ፀጉሯን ጨመቀች።

«የት ተማርሽ?» አለ አባቴ፣ ድምፁ ሲመለስለት።

«እዚሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ነው ያደግኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ስለ አሰብ ስታወራ ነው የኖርከው። ደግሞስ ሞላሌ ላይ የት ልዋኝ? ጋን ውስጥ?»

አባቴ እርጥብ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። «እኔ አልገባሁበትም» አለ። «አሰብ ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ፣ አንድም ቀን አልገባሁም። መኪናው እስኪጫን ዳር ላይ እቆማለሁ፤ አያለሁ። ልጆቼን ይዤ ስመጣ እገባለሁ እል ነበር።»

እማማ ዘነቡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የሚቀጥለው ቀልድ አፋቸው ላይ እንደነበረ አውቃለሁ። አልተናገሩትም። «ተነሳ፣ ሻይ ላፍላልህ» አሉትና ክንዱን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ሻይ ሊጠጣ የቆመ ሾፌር ሁሉ ታሪኩን ከደጀኔ ሰማ፤ ደጀኔ እጁንና እግሩን እያወራጨ ለሁሉም አሳየ። አባቴ አልተቆጣውም። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ስትጠጋ ግን «ነገ ጠዋት የሚያልፈውን አውቶቡስ እንይዛለን» አለ።

«ዕረፍታቸው ገና አላለቀም» አለች እናቴ።

«ልጆቹ ያዩትን አይተዋል፤ ይበቃቸዋል።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ባሕር አሳያቸዋለሁ ብሎ ያመጣን አባታችን ውሃ ፈርቶ ሲንፈራገጥ አየነው። ሌላ የሚያሳፍር ነገር ሳይጨመርበት ጉዞው ቶሎ እንዲያበቃ ፈልጎ ነው። ከነገ ወዲያ ሞላሌ ገብቶ እዚያው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ይቀመጣል፤ ባሕር የሚለውንም ቃል ሁለተኛ አይጠራውም።

እማማ ዘነቡ ጣሳ ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆምኩ። ደጀኔን ልልከው ፈለግሁ፤ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ራሴ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ባሕሩ በር አለው?»

«የቱ ባሕር?»

«የእርስዎ።»

«በር? ውሃ እኮ ነው ልጄ። ጥልቅ ስለሆነና ስለሚተኛ ባሕር እንለዋለን እንጂ ያው ጀማ ነው። ማን በር ይሠራለታል? የፈለገ ይገባበታል፤ መዋኘት የማይችል ደግሞ ከሚችል ጋር ይገባበታል።» ጣሳውን ደፉት። «እናትሽን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እሷም ትፈራ ነበር፤ ስትጮህ ያ ማዶ ይሰማ ነበር።»

በማግሥቱ ማለዳ ስነሳ አባቴ የለም። ወጥቼ ሳይ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማውን አድርጓል፤ ዕቃችን በሻንጣና በፌስታል ሆኖ አጠገቡ ተደርድሯል። ከታች ከወንዙ የደጀኔና የእናቴ ድምፅ ይሰማል። ልንሄድ ነው ብላ እናቴ ልብሳችንን ለመጨረሻ ጊዜ ታጥብ ነበር። አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ለምን አትተኚም?» አለኝ።

ጎንበስ አልኩና የግራ ጫማውን ማሰሪያ ፈታሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ጫማውን አወለቅሁት። እንደተቆጣ ወይም እንዳልተቆጣ ለማየት ቀና አላልኩም። ካልሲውንም አወለቅሁት። የቀኙን ልጀምር ስል አውቶቡሱ ከላይ መታጠፊያው ላይ ጥሩንባውን ነፋ። አባቴ ብድግ አለ፤ እኔም የግራ ጫማውን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«አምጪው።»

«እምቢ» አልኩ። አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ምን ፈልገሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ልጆቼን ይዤ ስመጣ እገባለሁ ብለሃል» አልኩት። «ይኸው መጥተናል።»

አባቴ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በባዶ፣ አቧራው ላይ ቆሞ ያየኛል። አውቶቡሱ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ሻንጣውን አየ፣ የአባቴን እግር አየ።

«ትሳፈራላችሁ?»

አባቴ ወደ ወንዙ ዞሮ አየ። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ትናንት ውሃው ላይ ያየሁት ያው ነበር።

«ሂዱ» አለው። «ጫማዬን ወስዳብኛለች።»

ረዳቱ ሳቀና በሩን መታ። አውቶቡሱ ሲሄድ አባቴ ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና የቀኙን ጫማ ራሱ አወለቀው።

እናቴ ስንመጣ አይታ ልብስ ማጠቡን ተወች። ደጀኔን ከሸራው ሥር ለተቀመጡት ለእማማ ዘነቡ ሰጠችና ከድንጋዩ በላይ፣ እግር መሬት ወደሚነካበት ቦታ፣ በአንድ እጇ እኔን በአንድ እጇ አባቴን ይዛ ገባች። ውሃው በማለዳ ይቀዘቅዛል። አባቴ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ እጇን አጥብቆ ይዞ፣ እስከ ደረቱ ገባ። እኔ እስከ አገጬ።

«መጀመሪያ በጀርባ መተኛት ነው» አለች እናቴ። «እኔ ከሥር እይዛለሁ። ማን ይቅደም?»

አባቴ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። እኔም ወደ እሱ አመለከትኩ። አሸዋው ላይ እማማ ዘነቡ ሳቃቸው አመለጣቸው።

እኔ ቀደምኩ። ውሃው ሰው እንደሚይዝ አባቴ እንዲያይ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በእናቴ እጆች ላይ ተንጋለልኩ።